ጉልቻ ቢለዋወጥ… አሜሪካዊው መራጭ በሁለቱ ፓርቲዎች ለምን ተማረረ?

“ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ይላሉ አበው። በዚህ ብሂል ውስጥ ያለው ቅሬታ የእኛ ብቻ አይደለም። በሀብቷም ሆነ በጦር ኃይሏ ከዓለም ቀዳሚ በሆነችው አሜሪካም ምርጫ በመጣ ቁጥር ተመሳሳይ ምሬት ይደመጣል። ዴሞክራት ወርዶ ሪፐብሊካን ቢተካ፣ ሪፐብሊካን ወጥቶ ዴሞክራት ቢገባ ኑሯችን ያው ነው የሚሉ ዜጎች ጥቂት አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ተቋም በ2024 ባሰባሰበው መረጃ መሠረት 43 በመቶ የሚሆኑ አሜሪካውያን ራሳቸውን “ገለልተኛ” ብለው ገልጸዋል። ዴሞክራት ነን ያሉት 28 በመቶ፣ ሪፐብሊካን ነን ያሉትም 28 በመቶ ነበሩ። ከገለልተኞቹ ብዙዎቹ ተጠይቀው ሲመልሱ ወደ አንዱ ወገን ቢያዘነብሉም በስሙ መጠራትን ግን አልወደዱም። ይኸው ተቋም በ2023 ባደረገው ጥናት 63 በመቶዎቹ ሦስተኛ ትልቅ ፓርቲ ያስፈልገናል ብለዋል። በዚያው ዓመት ፒው የተሰኘው የጥናት ማዕከል 28 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ሁለቱንም ፓርቲዎች እንደማይወድ አመልክቷል።

ይሁን እንጂ በ2024 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ዶናልድ ትራምፕ እና ካማላ ሃሪስ በድምሩ 98 በመቶ የሚሆነውን ድምፅ ወስደዋል። ከመቶ ስልሳ የሚሆነው ሰው ሌላ ፓርቲ ይምጣ እያለ ከመቶ ሁለቱ ብቻ ለሌላ ዕጩ ድምፅ ሰጥቷል ማለት ነው። ይህን ያህል የተማረረ ሕዝብ ስለምን ወደዚያው በር ይመለሳል? መልሱን ለማግኘት ቅሬታው ከየት እንደመነጨና መውጫው ለምን እንደጠበበ መመልከት ያስፈልጋል።

የቅሬታው ምንጭ

ሁለቱ ፓርቲዎች አንድ ናቸው የሚለው ክስ አዲስ አይደለም። በ1968 በግል ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩትና በዘር መለያየት አራማጅነታቸው የሚታወቁት ጆርጅ ዋላስ በሁለቱ መካከል የአሥር ሳንቲም ልዩነት እንኳ የለም እያሉ ይቀሰቅሱ ነበር። በ2000 ደግሞ ከዋላስ ፍጹም ተቃራኒ በሆነ ጎራ የቆሙት የሸማቾች መብት ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር ሁለቱም ፓርቲዎች የትላልቅ ኩባንያዎች አገልጋይ ሆነዋል ሲሉ ከሰሱ። ክሱ ከቀኝም ከግራም መምጣቱ ሥሩ ጥልቅ መሆኑን ያሳያል።

ለክሱ መነሻ የሆኑ ተግባራትም አሉ። የሰሜን አሜሪካ ነፃ የንግድ ስምምነትን የተደራደሩት ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ነበሩ፤ በ1993 በምክር ቤት አስጸድቀው ሥራ ላይ ያዋሉት ግን ዴሞክራቱ ቢል ክሊንተን ናቸው። በተወካዮች ምክር ቤት ስምምነቱን ከደገፉት 234 አባላት መካከል 132ቱ ሪፐብሊካን፣ 102ቱ ዴሞክራት ነበሩ። ፋብሪካቸው ወደ ሜክሲኮ የተዛወረባቸው ሠራተኞች የትኛውን ፓርቲ በድምፃቸው እንደሚቀጡ ቢቸግራቸው አያስደንቅም።

በ2002 የኢራቅን ጦርነት የፈቀደው ውሳኔ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 77 ለ23 ሲጸድቅ ከ50ዎቹ ዴሞክራቶች 29ኙ ደግፈውታል። በ2008 የፋይናንስ ቀውስ በተከሰተ ጊዜም ባንኮችን ከውድቀት ለመታደግ 700 ቢሊዮን ዶላር የፈቀደውን ሕግ ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ሲፈርሙት፣ በዚያው ዓመት እርስ በርስ ይፎካከሩ የነበሩት ባራክ ኦባማና ጆን ማኬይን ሁለቱም የድጋፍ ድምፅ ሰጥተውታል። ባንኮቹ ዳኑ፤ የቤት ዕዳቸውን መክፈል ያቃታቸው ሚሊዮኖች ግን ቤታቸውን አጡ። ከዚህ በኋላ በቀኝ በኩል “ቲ ፓርቲ” የተባለው፣ በግራ በኩል ደግሞ “ዎል ስትሪትን እንያዝ” የተሰኘው ንቅናቄ ተነሡ። ሁለቱ በብዙ ነገር ቢለያዩም የባንኮቹን መታደግ በመቃወም ይገናኙ ነበር።

የገበሬው መንደር ምሬት

ጉዳዩ በእርሻ አካባቢዎች ጎልቶ ይታያል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ 2 ነጥብ 4 ሚሊዮን ገደማ እርሻዎች ነበሩ። በ2022 በተካሄደው የግብርና ቆጠራ ቁጥሩ ወደ 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን ወርዷል። በነዚህ ዓመታት ሁለቱም ፓርቲዎች ተፈራርቀው አገሪቱን መርተዋል፤ የትንንሽ እርሻዎች በትላልቆች መዋጥ ግን አልቆመም። ዛሬ ለእርድ ከሚቀርበው የደለበ ከብት 85 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው በአራት ኩባንያዎች እጅ ነው። ከብት አርቢው ገዢው ማን እንደሚሆን ያውቃል፤ ዋጋውን የመደራደር አቅሙ ግን አነስተኛ ነው።

በንግድ ጦርነቱም የታየው ይኸው ነው። በ2018 የትራምፕ አስተዳደር በቻይና ሸቀጦች ላይ ቀረጥ ሲጥል ቻይና በምላሹ በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። የአኩሪ አተር አምራቾች ትልቁን ገበያቸውን በአንድ ወቅት አጡ፤ መንግሥትም ለገበሬዎች ማካካሻ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለመክፈል ተገደደ። ተከትለው የመጡት ዴሞክራቱ ጆ ባይደን ቀረጡን ያነሡታል ተብሎ ቢጠበቅም አብዛኛውን እንዳለ አቆዩት፤ በ2024ም በቻይና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ወደ 100 በመቶ ከፍ አደረጉት።

ልዩነት የለም ወይ?

ፓርቲዎቹ በሁሉም ነገር አንድ ናቸው ማለት ግን ከእውነት ይርቃል። የ2010ሩ የጤና መድን ሕግ አንድም የሪፐብሊካን ድምፅ ሳያገኝ ጸድቋል፤ የ2017ቱ የግብር ቅነሳ ሕግ ደግሞ አንድም የዴሞክራት ድምፅ አላገኘም። በጽንስ ማቋረጥ፣ በስደተኞች አያያዝ፣ በጦር መሣሪያ ቁጥጥርና በአየር ንብረት ጉዳይ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ካለፉት አሥርት ዓመታት ሁሉ ሰፍቷል። የጤና መድን ያገኘ ደኻም ሆነ ከአገር ሊባረር የተቃረበ ስደተኛ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል ያለውን ልዩነት በገዛ ሕይወቱ ያውቀዋል።

እንግዲህ የመራጩ ቅሬታ በትክክል ሲታይ “ልዩነት የለም” የሚል አይደለም። ፓርቲዎቹ አጥብቀው የሚጣሉባቸው ጉዳዮች አሉ፤ ለረጅም ጊዜ ተስማምተው የኖሩባቸው የንግድ፣ የጦርነት፣ የባንክና የኩባንያዎች ጉዳዮችም አሉ። በሁለተኛው ረድፍ የተጎዳ ሰው በመጀመሪያው ረድፍ ላይ በሚደረገው ጭቅጭቅ መፍትሔ አያገኝም። ምሬቱ የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ሦስተኛው በር ለምን ተዘጋ?

የአሜሪካ ምርጫ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣው ምንም አያገኝም። የእኛም ምርጫ በዚሁ መርሕ የሚካሄድ በመሆኑ ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። በፕሬዚዳንት ምርጫ ደግሞ ከ50ዎቹ ግዛቶች በ48ቱ አሸናፊው የግዛቱን የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። በ1992 ባለሀብቱ ሮስ ፔሮ ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ የሕዝብ ድምፅ ቢያገኙም ከወኪሎቹ ድምፅ አንዲት እንኳ አልደረሰቻቸውም።

በዚህ ላይ “ድምፄ ይባክናል” የሚለው ስጋት ይታከላል። በ2000 የፍሎሪዳ ግዛት ውጤት የተወሰነው በ537 ድምፅ ልዩነት ሲሆን ራልፍ ኔደር በዚያች ግዛት ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው ነበር። ዴሞክራቶች ለሽንፈታቸው ኔደርን እስከ ዛሬ ይወቅሳሉ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ዕጩ በተነሣ ቁጥር ይህ ታሪክ እንደ ማስፈራሪያ ይጠቀሳል።

ደንቡን የሚያወጡትም ራሳቸው ሁለቱ ፓርቲዎች ናቸው። አዲስ ፓርቲ ስሙ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር በየግዛቱ የተለያየ የፊርማ ብዛትና የጊዜ ገደብ ማሟላት አለበት። የፕሬዚዳንት ዕጩዎችን ክርክር ለረጅም ዓመታት ያዘጋጅ የነበረው ኮሚሽንም በ1987 በሁለቱ ፓርቲዎች የተመሠረተ ነበር፤ ከ2000 ጀምሮ በሕዝብ አስተያየት መለኪያ 15 በመቶ ድጋፍ የሌለውን ዕጩ ወደ መድረኩ አያስገባም ነበር። ሕዝብ እንዲያውቀው መድረክ የሚሻ ዕጩ፣ ወደ መድረኩ ለመግባት አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት።

ምሬቱ የሚሄድበት መንገድ

መውጫ ያጣ ቅሬታ ሦስት አቅጣጫ ይይዛል። የመጀመሪያው ሥልጣን ላይ ያለውን በየተራ መቅጣት ነው። በ2008 እና በ2012 ኦባማን የመረጡ ከ200 በላይ ካውንቲዎች፣ ከወረዳ ጋር የሚነጻጸሩ የአስተዳደር እርከኖች ናቸው፣ በ2016 ትራምፕን መርጠዋል። ከነዚህ 31ዱ በበቆሎና በአኩሪ አተር ምርቷ በምትታወቀው አይዋ ግዛት ይገኛሉ። በ2016፣ በ2020 እና በ2024 በተከታታይ ሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ዋይት ሐውስን አጥቷል።

ሁለተኛው ፓርቲውን ከውስጥ መያዝ ነው። በ2016 ትራምፕ በሪፐብሊካኑ፣ በርኒ ሳንደርስ በዴሞክራቱ የዕጩነት ውድድር የነባሮቹን መሪዎች የንግድ ፖሊሲና የኢራቅ ጦርነት እያወገዙ ተነሥተዋል። አንዱ ፓርቲውን ሲረከቡ ሌላው ተሸንፈዋል።

ሦስተኛው ቤት መቀመጥ ነው። በ2024 መምረጥ ይችሉ ከነበሩት መካከል ወደ 90 ሚሊዮን የሚጠጉት ድምፅ አልሰጡም።

ከዚህ ውጪ የሆነ ሙከራም ታይቷል። በዚያው ዓመት በእርሻዋና በከብት እርባታዋ በምትታወቀው ነብራስካ፣ መካኒክና የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበሩት ዳን ኦስቦርን የየትኛውም ፓርቲ አባል ሳይሆኑ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተወዳድረው 46 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተዋል። አሸናፊዋ ሪፐብሊካኗ ዴብ ፊሸር ነበሩ። ሆኖም ኦስቦርን ይህን ያህል የተራመዱት ዴሞክራቶች በዚያ ውድድር ዕጩ ባለማቅረባቸው ጭምር ነው። ሦስተኛው የሚጠነክረው ከሁለቱ አንዱ ቦታ ሲለቅ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

የዋሽንግተን ውሳኔ ወደ እኛም ይደርሳል። በ2020 የሪፐብሊካኑ ትራምፕ አስተዳደር በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ድርድር ምክንያት ለኢትዮጵያ ከሚሰጠው እርዳታ የተወሰነውን አግዷል። የዴሞክራቱ ባይደን አስተዳደር ደግሞ ከ2022 መባቻ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ተጠቃሚነት አስወጥቷል። የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ ይከተል የነበረውን ፖሊሲ የተቃወሙ አንዳንድ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በ2021ዱ የቨርጂኒያ ግዛት አገረ ገዥ ምርጫ ዴሞክራቶችን በድምፃችን እንቅጣ የሚል ጥሪ አሰምተው ነበር። ሪፐብሊካኖች በ2025 ወደ ዋይት ሐውስ ሲመለሱ ግን በብዙ ወረዳዎች በእህል እርዳታና በጤና ፕሮግራሞች የሚታወቀው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ተዘጋ። አንዱን ለመቅጣት ሌላውን መምረጥ የሚፈለገውን ለማግኘት ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ አስረጂ የለም።

በአሜሪካ ይህን ለማስተካከል የሚሹ ወገኖች መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል የሚመርጥበትን ሥርዓት ያቀርባሉ። በዚህ ሥርዓት አንደኛ ምርጫው የወደቀበት ሰው ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይሸጋገርለታል፤ ድምፅ ይባክናል የሚለው ስጋትም ይቀንሳል። ሜይንና አላስካ ይሠሩበታል። ነገር ግን በ2024 ኮሎራዶ፣ አይዳሆ፣ ኔቫዳና ኦሪገን ሐሳቡ ለሕዝብ ውሳኔ ቀርቦላቸው ውድቅ አድርገውታል፤ አላስካም ከመሻር ያተረፈችው ከአንድ ሺህ ባነሰ የድምፅ ብልጫ ነው። በብዙ ቦታ የፓርቲዎቹ ሰዎች ለውጡን ተቃውመዋል፤ የሕዝቡም ጥርጣሬ ቀላል አልነበረም። ሦስተኛ በር እንዲከፈት የሚመኘው መራጭ መክፈቻው ሲሰጠው አመንትቷል። ይህ ማመንታት እስካለ ድረስ ጉልቻው መለዋወጡን ይቀጥላል፤ ወጡም ያው ይሆናል።