ለለቅሶ የተዘጋጀን ያህል

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ዝናብ ያራሰው ኮረብታ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያላገኘውም በእጁ እየቧጠጠ የተቀበሩትን ሊያወጣ ሲሞክር መሬቱ ዳግም ተናደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ። ጌታ ከሁሉ የሚበልጥ ብሎ ያስተማረውን ፍቅር እነዚህ ሰዎች ፈጽመውታል፤ አንድም የነቀፋ ቃል አይገባቸውም። የምንጠየቀው የቀረነው ነን። አንዴ የተናደ ቁልቁለት ተመልሶ ሊናድ እንደሚችል፣ ሌሎች ሲቆፍሩ አንድ ሰው አፋፉን እያየ መጠበቅ እንዳለበት ተመሳሳይ ስፍራ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ማን ያስተምራል?

ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲሰበክ የሚወደሰው የልቡ ርኅራኄ ነው፤ የያዘው ስንቅ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ዘይትና ወይን ይዞ ነበር። ቁስለኛውን የሚጭንበት አህያ፣ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ የሚሰጠው ሁለት ዲናር ነበረው። ባዶ እጁን ቢመጣ ኖሮ ያው ርኅራኄ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ከማልቀስ የዘለለ ምን ይፈይድ ነበር? እንግዲህ ሲጠሩ መሮጥ የክርስቲያን ግዴታ ከሆነ፣ ሳይጠሩ በፊት መሰናዳትም የዚያው ግዴታ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ነገ አትጨነቁ ተብለናል የሚል ይኖራል። መጨነቅና መሰናዳት ግን አንድ አይደሉም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ እንዲከማች ሲመክር፣ ፈርዖን ያየበት የእግዚአብሔርን መንፈስ እንጂ የእምነት ማነስን አልነበረም። የአንጾኪያ ምእመናንም ነቢዩ አጋቦስ ረኀብ እንደሚመጣ ሲናገር ሰምተው፣ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጥቶ በበርናባስና በሳውል እጅ ለይሁዳ ወንድሞች እርዳታ ላኩ። የሞተ ሰው ፎቶግራፍ እስኪያዩ አልጠበቁም። እኛ ግን የ1977ቱን ረኀብ ጨምሮ ስንቱን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ደርሰናል!

መሰናዳት የማናውቀው ነገር ሆኖ አይደለም። ዕድራችን ማንም ሳይሞት በየወሩ ይሰበስባል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ጥሩንባ ነፊው ሁሉ ዝግጁ ነው። ሞት በመጣ ሰዓት ማን ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ፣ ደሙ እየፈሰሰ ላለ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መያዝ የሚያውቅ አንድ ሰው በሰፈሩ ሲታጣ ያሳዝነኛል። መኪና የገጨውን ሰው አንገቱ ተጎድቶ ይሆን ሳንል ብድግ አድርገን ታክሲ ውስጥ የምናስገባው በክፋት አይደለም፤ ስላልተማርን ነው። ኤች አይ ቪ ብዙዎችን በቀጠፈበት ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረው ነበር። ዕድር ለሕያዋንም መሥራት እንደሚችል ያኔ ታይቷል።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ደወል አላት፤ ግቢ አላት፤ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት የትኛው ቤት እንዳለች የሚያውቁ የንስሐ አባቶችና የጸሎት ቡድኖች አሏት። በየአጥቢያው የመጀመሪያ እርዳታ የሰለጠኑ ጥቂት ወጣቶች፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚታወቅ የመድኃኒትና የፋሻ ሣጥን፣ ቃሬዛና ባትሪ ቢኖር ወጪው ከአንድ ድግስ አይበልጥም።

የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ሽማግሌ ወይም የወጣቶች መሪ የሆናችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ አስይዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 መሆኑንም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ።