በሆቴል ፎቶ ልጆቻችንን አትጥሩብን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ብዙ ሰው ያስቀይማል። የሚቀየም ይቀየመኝ። ሰፈራችን ሼክ ኑር ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው፣ ማንም ደፍሮ የማይናገረው ነገር ስላለ ነው።

በዓል ሲደርስ፣ ፋሲካም ይሁን አረፋ፣ ሦስት አራት ልጆች ገንዘብ ያዋጡና መሀል ከተማ ካሉት አዳዲስ ሆቴሎች በአንዱ ለአንድ ሌሊት ክፍል ይከራያሉ። ግድግዳው ላይ ሥዕል የተሰቀለበት፣ አንሶላው ነጭ፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ወንበሩ ለመቀመጥ ሳይሆን ለመታየት የተሠራ የሚመስል ዓይነት ሆቴል ነው። ልብስ ተዋውሰው ይለብሳሉ፣ ተራ በተራ አልጋው ላይ ጋደም፣ በረንዳው ላይ ቆም እያሉ ይነሳሉ። ያልቻለው ደግሞ እንግዳ መቀበያው አጠገብ አንዲት ማኪያቶ አዝዞ ሁለት ሰዓት ይቀመጥባታል። ከዚያ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ "ተመስገን፣ ኑሮ በሀርጌሳ" ይባላል። የዚያ አንድ ሌሊት ዋጋ እኛ ለአንድ ክፍል በወር ከምንከፍለው ኪራይ ብዙም አይርቅም። በማግሥቱ ልጆቹ ወደዚያችው ለአምስት ወደሚተኙባት ክፍል ይመለሳሉ፤ የውሃ ጄሪካናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ይህኛው ፎቶ አይነሳም።

ነገሬን አታጣሙብኝ። ከሆቴሉ ጋር ጠብ የለኝም። መሀል ሀርጌሳ ያማረ ቦታ ነው። ሚግ አውሮፕላኑ የቆመበት ሐውልት አለ፣ የወርቅና የዶላር ነጋዴዎቹ መንገድ ዳር ተዘርግተዋል፣ ኦሪየንታልን የመሳሰሉ የድሮ ሆቴሎች አሉ። ከተማዋ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ ትልቅ የመጻሕፍት ዓውደ ርዕይ ታዘጋጃለች። የባህል ማዕከልም አላት፤ የድሮ የሶማሊ ዘፈንና ቲያትር የተቀዳባቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶች ተሰብስበው ተቀምጠውበታል። በጦርነቱ ጊዜ ሰዎች እንዳይጠፉባቸው ብለው ካሴት መሬት ውስጥ ቀብረው እንደነበር ታውቃላችሁ? እንዲህ ያለ ከተማ መሀል ገብቶ አንድ ሌሊት በንጹሕ አልጋ ላይ ማደር ኃጢአት አይደለም። ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች እህቴ አንድ ሌሊት ሙቅ ውሃ ቢፈስላት እኔ ማን ነኝና እከለክላታለሁ? ትሂድ፣ ታጠብ፣ ትተኛ። ጠቤ ፎቶው ሥር ከሚጻፈው ጋር ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ክፍሌ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ብቻ የተማረ አንድ ልጅ ነበር። ከወሎ የመጣ፣ አስረኛ ክፍልን አቋርጦ የወጣ። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበር፤ ቀመሩን ሳልጨርስ መልሱን ይነግረኛል። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ስልኩን አውጥቶ "መምህር፣ ይሄ ቤት የት ነው?" አለኝ። የአክስቱ ልጅ ናት፤ ነጭ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ ትልቅ ሥዕል፣ ከጎኗ መብራት። ሀርጌሳ የመጣሁት እሷን ብዬ ነው አለኝ፤ ከደረሰ ጀምሮ ስልኳን አታነሳለትም። እኔ ልጅቷን አውቃታለሁ። እዚሁ ከእኛ መንደር ናት፤ ከአራት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች። በዚያ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። የተነሳችበትን አልጋ ያነጠፈችው ራሷ ናት።

እሷን ልወቅሳት አይደለም። ሥራዋን የምትሠራ፣ ለእናቷ በየወሩ የምትልክ ልጅ ናት። ግን ያቺ ፎቶ ከእሷ እጅ ወጥታ የት የት እንደደረሰች አታውቅም። ልጁ እንዳጫወተኝ ፎቶዋን መጀመሪያ ያሳየው ደላላው ነው። "እህትህ የደረሰችበትን እይ" ብሎ። ደላላ ማስታወቂያ ለማሠራት አንድ ብር አያወጣም፤ እኛው በነጻ እንሠራለታለን። ልጁ በአራተኛው ሳምንት ክፍል አልመጣም። ጓደኞቹ ወደ ቦሳሶ መነሳቱን ነገሩኝ። እስከ ዛሬ ስልኩ አይሠራም።

ቦሳሶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ በደንብ ስሙ። ሰኔ 2016 ዓ.ም. 260 ሰው አሳፍራ ከቦሳሶ የተነሳች ጀልባ የመን ዳርቻ ላይ ተገልብጣ ቢያንስ 49 ሰው ሞተ፤ ከመቶ በላይ የሚሆነው የደረሰበት ጠፋ። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑበት ሌላ ጀልባ አቢያን በሚባለው የየመን ግዛት አጠገብ ሰጠመና ከ90 በላይ ሬሳ ተለቀመ። ባሕሩን ያለፈው በየመን ምድር በአጋች እጅ ይወድቃል፤ ቤተሰቡ መሬትና በሬ ሸጦ ይልካል። ከዚያም ያለፈው የሳዑዲ ድንበር ይጠብቀዋል፤ እዚያ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን እንደገደሉ ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ ዘርዝሮታል። ይህ ሁሉ መንገድ ለብዙው ልጅ የሚጀምረው ውጫሌ ድንበር ላይ ነው፤ ከዚያ ሀርጌሳ። ሀርጌሳ የመጀመሪያዋ ጣቢያ ናት። የመጀመሪያዋ ጣቢያ እንዲህ ነጭ አንሶላና ሥዕል ከሆነች፣ ልጁ የመጨረሻዋን እንዴት አድርጎ ነው የሚያስባት?

አሁን መልሳችሁን አውቀዋለሁ። "መምህር፣ እናቴ እንዳታለቅስ ብዬ ነው" ትሉኛላችሁ። ይህን መልስ አልንቀውም። ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። እናት ስልክ ደውላ "ልጄ፣ በላህ? የምትተኛበት አለህ?" ስትል፣ መሬት ላይ ነው የምተኛው ብሎ የሚመልስ አንጀት የለም። ስለዚህ ፎቶ ይላካል። እናትም ፎቶውን ለጎረቤት ታሳያለች፤ ለምን አታሳይ፣ ስንት ቀን ያለቀሰችበት ልጇ ነው። ቡና ላይ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የጎረቤት ልጅ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። እናቱ ደግሞ ወደ እሱ ዞር ብላ "አየህ የሰው ልጅ?" ትለዋለች። አለቀ። ያቺ አንዲት ቃል ከደላላው ምላስ በላይ ትሠራለች። የአንዷን እናት እንባ ለማቆም የላክነው ፎቶ የሌላዋን እናት እንባ ይጀምራል።

እናቶችም ደግሞ ሞኞች አይደሉም። ልጄ ሆቴል ይኖራል ካለቻችሁ፣ ታዲያ ለክረምቱ ቆርቆሮ ለምን አይልክም ብላ ታስባለች። ፎቶ ከላካችሁ በኋላ የሚመጣውን የገንዘብ ጥያቄ የማያውቅ ስደተኛ አለ? የወንድም ሠርግ፣ የአጎት ሕክምና፣ የእድር፣ የማኅበር። "የለኝም" ስትሉ "ጨካኝ ሆነ፣ ከፋበት" ትባላላችሁ። ባልኖራችሁበት አልጋ የተነሳ ዘመድ የተጣላችሁ ስንት ናችሁ?

ከውጭ ለምትመጡ ዘመዶቻችንም አንድ ነገር አለኝ፤ ከቶሮንቶ፣ ከኦስሎ፣ ከሚኒሶታ ለምትመጡት። እናንተ ልትጠይቁን ስትመጡ እኛ የምናደርገውን ታውቃላችሁ? ሼክ ኑርን ማሳየት እናፍራለን። ተበድረን መሀል ከተማ ሆቴል እንይዝላችኋለን፣ እዚያው መጥተን እንጠይቃችኋለን፣ እዚያው እንሸኛችኋለን። እናንተም "ደህና ናቸው፣ ሆቴል ውስጥ ራት ጋበዙኝ" ብላችሁ ታወራላችሁ። ዕዳውን የምንከፍለው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ በዛድ ከፋፍለን ነው።

ይህ እንኳ ባህላችን ቢሆን ምን ነበረበት። የእኛ አገር ሰው ሲመሽበት ደጅ ላይ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ይል ነበር፤ መልሱም "ቤት የእግዚአብሔር ነው" ነው። አልጋ ስንት ነው የሚባል ነገር አልነበረም። ፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከፍሎ መብላት ነውር ስለነበር ሰው አልደፍር ብሎ፣ ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው እንዲከፍሉ በማድረግ ሕዝቡን አስለመዱት ይባላል። መቶ ዓመት ትንሽ ዘለል ቢል ነው። ይኸውና ዛሬ የገዛ እህታችንን ልጅ ከቤታችን ይልቅ ሆቴል ማሳደር ክብር መሰለን። ለአምስት የምንተኛባት ክፍል ስድስተኛውን ትችላለች! ፍራሽ እንዘረጋለን፣ ሽሮ እንሠራለን፣ ተጣበን እናወራለን። ያኔ የምንኖረውን ኑሮ አይታችሁ ትሄዳላችሁ።

(አዲስ አበባ ስትሄዱም ያው ነው። አምሮ ከተሠራው ሆቴል መስኮት ሆናችሁ የመብራቱን ፎቶ ትለጥፋላችሁ፤ "አገር ተለወጠ" ትላላችሁ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርሱ ወደ ከተማው ዳር የሄደው ሰው መስኮቱ ላይ አይታይም። የጥበብ ሰፈር የምትሉት ካዛንቺስ ያለ አዝማሪ ቤት ምን ነበር? ፈንድቃ የሚባለው ቤት ራሱ፣ ውዝዋዜውን መላኩ በላይ ለዓለም ያሳየበት፣ ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ። መላኩ ልጅ ሳለ የሚያድርበት አጥቶ እዚያው አዝማሪ ቤት ውስጥ ይተኛ ነበር። ይህን ግን ሳይደብቅ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል።)

መደበቅን ከተናገርኩ አይቀር፣ ከጎረቤቶቻችን እንማር። ዕድሜው ሃምሳ የደረሰ የሀርጌሳ ሰው ስታገኙ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የት ነበርክ ብላችሁ ጠይቁት። ብዙው ሐርታሼክ ይላችኋል። ከእኛው ጅግጅጋ ወዲህ ያለው ሐርታሼክ። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ ሀርጌሳን ሲደበድቡ ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ፤ ሐርታሼክ በዘመኑ ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ፣ እስከ 2004 (እ.ኤ.አ.) ድረስም አልተዘጋም። የሱቃችን ባለቤት ሲያጫውተኝ በቦቴ የሚመጣ ውሃ ለመቅዳት እንዴት እንደሚጋፉ፣ በላስቲክ ቤት እንዴት እንዳደጉ እየሳቀ ነው። አያፍርም። ልጆቹ ፊት ነው የሚያወራው። ድምፃዊቷ ሳህራ ሀልጋንም በጦርነቱ ቁስለኛ ስታክም ኖራ ፈረንሳይ አገር ስደተኛ ሆነች፤ ተመልሳ መጥታ እዚሁ ሀርጌሳ የባህል ዘፈን የሚሰማበት ህዶ ዳውርን ከፈተች። ስደቷን አልሸሸገችውም፤ ስሟ ከእሱ ጋር ነው የሚነሳው። እኛ ብቻ ነን ስደትን እንደ ገመና የምንሸፍነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ ለምትሉ። ፎቶ መነሳት ከፈለጋችሁ የባህል ማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት አለው፤ እዚያ መጽሐፍ ይዛችሁ ተነሱ። ሥራ ቦታችሁ ተነሱ፤ ዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ ከልብስ ስፌት መኪናው ጋር፣ ከመጥረጊያው ጋር። "የምሠራበት ሆቴል" ብላ ብትጽፍበት ያቺ የተማሪዬ ዘመድ ፎቶ ምን ይጎድልባት ነበር? ሰው ሠርቶ መብላቱ እኮ ነው የሚታየው። ለአንድ ሌሊት ከተከራያችሁም "ለበዓል አንድ ሌሊት ተዋጥተን" በሉ። አምስት ቃል አይሞላም።

እማማ፣ እትዬ፣ ጋሼ፣ ይህን በልጆቻችሁ ስልክ የምታነቡ ወላጆች፤ ልጃችሁ የሆቴል ፎቶ ከላከላችሁ ደውላችሁ "ያምራል፣ ግን አንተ የምትተኛበትን አሳየኝ" በሉት። በቪዲዮ ይሁን። እምቢ ካለ አትቆጡት፤ እንደምታውቁ ብቻ ንገሩት። ፎቶውንም ለቡና አታቅርቡት።

እኔ ዛሬ ማታ የምኖርባትን ክፍል ፎቶ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ኮመንት ላይ አደርጋለሁ። ፍራሹ፣ የልጆቹ የፈተና ወረቀት የተቆለለበት ካርቶን፣ ጄሪካኑ፣ ሁሉም አለ። ከሼክ ኑር የሆናችሁ የእናንተንም ከሥሩ ጨምሩበት። ወሎ፣ ጎጃም፣ ጎንደር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ለአስረኛ ክፍል ልጆች ሼር አድርጉልኝ።