ዶላሩ ለመንግሥት፣ ሱሱ ለቤተሰብ!

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ጫት የማይሸጥበት ከተማ ካለ ይጠቆመን። መንግሥት ከጫቱ ኤክስፖርት ዶላሩን፣ ከቢራው ኤክሳይዝ ታክሱን ይሰበስባል። ቀን ቅሞ ማታ ለጨብሲ አረቄ የሚደርበው ወጣት ግን ማን አለው?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥንም ከለከለ። ደግ አደረገ። ክልከላ ግን የታመመውን አያክምም።

ቤተሰብ «ዛሬውኑ ተው!» ይለዋል። ይሄ ምክር እኮ ሊገድል ይችላል! ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ባንዴ ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያንዘፈዝፈው፣ ነፍሱንም ሊያሳጣው ይችላል። በሐኪም እየታየ፣ በመድኃኒት እየታገዘ ነው መተው ያለበት። መተው ያቃተው ደግሞ በባዶ ሆዱ እንዳይጠጣ፣ መጠኑን እንዲቀንስ፣ ጠጥቶ መሪ እንዳይጨብጥ ሳይሰድበው የሚመክረው ባለሙያ ይፈልጋል።

ከተሰበሰበው ታክስ ለዚህ ስንት ተመደበ? የክልሉ ጤና ቢሮ ይንገረን።