የወፍጮው ዘንግ ስለምን ተሰበረ?

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ የወፍጮ ዘንግ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነበር በሥራ ላይ የነበረው?» የሚል ነው። ሠራተኛው እህል አብዝቶ ጨምሯል ይባልና የዘንጉ ዋጋ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ፤ እናቶችም እህላቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ መንደር ይሄዳሉ። እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበልም፤ ዘንጉን የሰበረው የመጨረሻው ቁና ላይሆን ይችላልና።

ብረት ይደክማል። ቺንጋው ዘንጉን ወደ አንድ ወገን ስለሚስበው ያጎብጠዋል፤ በዞረም ቁጥር ያው ጎኑ አንድ ጊዜ ይሳባል፣ አንድ ጊዜ ይጨመቃል። በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞርና በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ፣ በ5 ቀን ውስጥ ይህ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይደርስበታል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሞተሩ ይጠመዝዘዋል፤ ጥምዘዛውም ሞተሩ ሲነሣና እህሉ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ከፍ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ መጉበጡ ብቻውን ዘንጉ ከሚችለው ከ10 እጅ 7ቱ፣ ጥምዘዛው ብቻውን ከ10 እጅ 8ቱ ቢሆን ሁለቱም ደኅና ይመስላሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በእንግሊዝ አገር ጎፍና ፖላርድ የተባሉ መርማሪዎች ሁለቱን ጭነቶች አንድ ላይ እያፈራረቁ ብረቶችን ፈተኑ። ለብዙዎቹ የአረብ ብረት ዓይነቶች ያገኙት ሕግ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ድርሻ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ከ1 ካለፈ ብረቱ ውሎ አድሮ ይሰበራል። 0.49 እና 0.64 ደግሞ 1.13 ነው!

ከከተማችን አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን አሠርተው በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ እንዳስጎተቱ ሁላችንም በኩራት እንናገራለን። በዚያው ዘመን በፕሩሲያ አውግስት ቮለር የተባለው መሐንዲስ የባቡር ዘንጎች ስለምን እንደሚሰበሩ እያጎበጠና እየጠመዘዘ ይመረምር ነበር። ኩራቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የቮለርን ጥያቄ ለወፍጯችን ብንጠይቅ የበለጠ ይጠቅመናል ባይ ነኝ።

ደክሞ የተሰበረ ዘንግ የተሰበረበት ፊት ራሱ ይመሰክራል። አንዱ ክፍል ለስላሳ ነው፤ ብዙ ጊዜም ውሃ በአሸዋ ዳር እንደሚተወው ያለ መስመር ይታይበታል። ስንጥቁ ቀስ በቀስ የሄደው በዚያ ነው። ሻካራው ክፍል ግን በመጨረሻው ቅጽበት የተበጠሰው ነው። ለስላሳው ክፍል ሰፊ ሆኖ ከተገኘ በዚያን ቀን የነበረውን ሠራተኛ ማስከፈል ግፍ ነው፤ ይልቁንስ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ፣ ወይም ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚለወጥበት ማዕዘን ሳይከብ ቀርቶ እንደሆነ ይታይ። የተሰበረውን አስበይዶ መልሶ መግጠምንም አልደግፍም፤ ብየዳው ራሱ ለአዲስ ስንጥቅ መነሻ ይሆናልና።

የወፍጮ ባለቤቶች የሆናችሁ ወላጆቻችን፣ የተሰበረውን ዘንግ ሳትሞርዱና ሳታስበይዱ ለአንድ ቀን ለፊዚክስ ክፍላችን ብታውሱን ፊቱን አብረን እናነብበዋለን።