ጎርፍ ሲገባ ከፋዩ ማን ነው? የአሽዶድ ኢሪያ አቋሙን ያሳውቀን



በአሽዶድ የዝናቡ ወራት የሚጀምረው የስግድን በዓል በምናከብርበት ሰሞን ነው። ኃይለኛ ዝናብ በአንድ ሌሊት ሲጥል፣ የመንገዱ ቦይ በቅጠልና በፌስታል ተደፍኖ ሲቆይ፣ ውኃው መውረጃ ያጣና ወደ ምድር ቤቶች ይገባል። ጠዋት ፍራሹም ፍሪጁም ውኃ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ማን ይከፍላል? አባት «ባንኩ ቢቱአህ አስገብቶኛል» ይላል። እናት «ኢሪያው ይክፈል እንጂ» ትላለች። ልጅ ደግሞ የውሉን ወረቀት ይዞ ያነባል፤ ምን እንዳነበበ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ጉዳይ ውኃው ከመግባቱ በፊት መነጋገር ይሻላል ብለን ይህን ጽፈናል።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ከተሞችና አውራጃዎች በጎርፍ ኢንሹራንስ ምክንያት ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ለብዙ ዓመታት ተሟግተዋል። እዚህ የምናነሣውም በሙግቱ ፊት የቆሙት እንደ እኛ ኢሪያ ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች ስለሆኑ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እዚህ አገር በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የአሜሪካ የግል ኩባንያዎች ለጎርፍ ኢንሹራንስ መስጠት ስለማይፈልጉ፣ መንግሥቱ በ1968 ራሱ አንድ የጎርፍ ኢንሹራንስ አቋቋመ። ለአሮጌ ቤቶች አረቦኑ፣ ማለትም ባለቤቱ በየዓመቱ የሚከፍለው ገንዘብ፣ በድጎማ ዝቅ ብሎ ተተመነ። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን አጠፋ፤ በ2012 ደግሞ ሳንዲ የኒው ዮርክንና የኒው ጀርሲን ዳርቻ መታ። የኢንሹራንሱ ዕዳ በ2013 ወደ 24 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ሳንዲ ከመምጣቱ በፊት፣ በጁላይ 2012፣ ኮንግሬሱ ቢገርት ዋተርስ የሚባለውን ሕግ አውጥቶ ነበር። ድጎማው ይቅር፣ እያንዳንዱ እንደ አደጋው መጠን ይክፈል አለ። ድጎማ የነበረው ቤት ከተሸጠም አዲሱ ገዢ ሙሉውን ዋጋ ወዲያውኑ እንዲከፍል አዘዘ።

ነገሩን በእድር ብናስበው ይገባናል። በእድር ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል ያዋጣል። ሞት ለማን እንደሚቀርብ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን «አንተ ሸምግለሃልና እጥፍ ክፈል» የሚል የእድር ዳኛ አላየንም። የኢንሹራንስ ኩባንያ ሒሳብ ግን ለአደጋ የቀረበው የበለጠ ይክፈል ይላል። የ2012ቱ ሕግ እድር የሚመስለውን ነገር ወደ ኩባንያ ሒሳብ ለወጠው ማለት ነው። ሁለቱም ሒሳብ የየራሱ እውነት አለው። ከፍታ ላይ ቤቱን የሠራ ሰው «ለወንዝ ዳሩ ጎረቤቴ እኔ ለምን ልክፈል?» ቢል አይፈረድበትም። ወንዝ ዳር የሚኖረው ሁሉ ደግሞ የባሕር እይታ የወደደ ሀብታም አይደለም፤ ብዙው ሰው በአቅሙ ያገኘው ቤት እዚያ ስለሆነ ነው የገባበት።

ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል እንደ ሉዊዚያናው ሴንት ቻርልስና እንደ ፍሎሪዳው ፒኔላስ ያሉ አውራጃዎች ተነሡ። በ2013 በኒው ኦርሊንስ አካባቢ ባለ የልማት ድርጅት መሪነት፣ ከብዙ ክፍለ ግዛቶች የመጡ አስተዳደሮችና ማኅበሮች ኅብረት መሠረቱ። ሚሲሲፒ ኢንሹራንሱን የሚያስተዳድረውን ፌማ የተባለውን መሥሪያ ቤት ፍርድ ቤት ከሰሰች። ሕጉ በስማቸው የሚጠራው ወይዘሮ ማክሲን ዋተርስ ራሳቸው ይህን ያህል ጭማሪ ይመጣል ብለን አላሰብንም ብለው እንዲላላ ጠየቁ። በማርች 2014 አዲስ ሕግ ተፈረመ። የአብዛኛው መኖሪያ ቤት ጭማሪ በዓመት ከ18 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቤት ሲሸጥ የሚመጣው የዋጋ ዝላይ ቀረ፤ ከሚገባው በላይ የከፈሉ ሰዎችም ገንዘባቸው ተመለሰላቸው።

ሙግቱ በዚያ አላበቃም። ፌማ በኦክቶበር 2021 አዲስ የዋጋ አወጣጥ ጀመረ። በጁን 2023 ሉዊዚያና ከሌሎች 9 ክፍለ ግዛቶችና ከብዙ አውራጃዎች ጋር ሆና ከሰሰች። የክሱ ፍሬ ነገር ሁለት ነው፤ ዋጋው የተሠላበት መንገድ ለሕዝብ ግልጽ አልሆነም፣ ነዋሪው በገዛ ግብሩ የሠራው የጎርፍ መከላከያ ግድብም በሒሳቡ ውስጥ በሚገባ አልታሰበም የሚል።

አስተዳደሮቹ ይህን ሁሉ ያደረጉት ለጽድቅ ነው ብለን አናምንም። ቤት ካልተሸጠ ግብር አይሰበሰብም፤ ግብር ከሌለ ሹሙ ደመወዝ የሚከፍልበት የለውም። ቢሆንም የሹሙ ጥቅም ከነዋሪው ጥቅም ጋር ሲገጥም ነዋሪው ጠበቃ ያገኛል። የምንነቅፈውም ነገር አለ። አረቦን ማስቀነስ ብቻውን ውኃውን አያስቆመውም፤ በረግረግ ላይ አዲስ ቤት እንዲሠራ እየፈቀዱ ዋጋው በዛብን የሚሉ አስተዳደሮችም አልጠፉም። ከዚያ አገር አሠራር እኛን ያስቀናን ሌላ ነው። ከ1990 ጀምሮ አንድ ከተማ ቦዮቹን ከጠረገ፣ ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ሳይገነባበት ከተወ፣ ነዋሪውን አስቀድሞ ካስጠነቀቀ፣ የነዋሪዎቹ አረቦን እንደ ሥራው መጠን ከ5 እስከ 45 በመቶ ይቀነሳል። የከተማው ትጋት በቀጥታ ወደ ቤተሰቡ ኪስ ይገባል።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። በእስራኤል መንግሥት የሚሰጠው የጎርፍ ኢንሹራንስ የለም። አሽዶድ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የሮኬትን ጉዳት ታውቃለች። ሮኬት ቤት ሲመታ ማስ ረኹሽ መጥቶ ገምቶ ይከፍላል፤ ይህም በ1961 በወጣ ሕግ የተደነገገ ነው። ስለዚህ ብዙ ወገኖቻችን ለጎርፍም ማስ ረኹሽ የሚመጣ ይመስላቸዋል። አይመጣም። መስኮት በሮኬት ቢሰበር መንግሥት ይጠግናል፤ ያው ቤት በጎርፍ ቢሞላ ባለቤቱ ከኩባንያው ጋር ብቻውን ይቀራል።

ከኩባንያው ጋር የሚያገናኘን ውል በ1986 በወጣ ደንብ የተመሠረተ ነው። በደንቡ መሠረት ከቤት ውጭ ከሚመጣ ውኃ የደረሰ ጎርፍ ይሸፈናል፤ ከከርሰ ምድር ከፍ ብሎ የሚወጣ ውኃ ግን አይሸፈንም። ከግድግዳ ቀስ በቀስ የሚሰርግ እርጥበትም ጎርፍ አይባልም። ከመሬት በታች ያለ ማኽሳን ውስጥ ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ውኃው ከመንገድ ገባ ወይስ ከወለሉ መነጨ የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ይነሣል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1993 በተጀመረው ልዩ የማሽካንታ እርዳታ ከካራቫን ሰፈር ወጥተው ቤት የገዙ ቤተሰቦች፣ ከእነርሱም በኋላ የገዙ ልጆቻቸው፣ ባንኩ ቢቱአህ እንዲገዙ አስገድዷቸዋል። ያ የሕንፃው ኢንሹራንስ ነው፤ ሚቭኔ ይባላል። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ቧንቧውን ይሸፍናል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀውም የባንኩን ብድር ነው። ፍሪጁ፣ ሶፋው፣ የልጆቹ ኮምፒዩተር፣ ከእናት የተወረሰው ጥልፍ ቀሚስ በዚያ ውስጥ የለም። እነዚህ የሚሸፈኑት ትኹላ በሚባለው የዕቃ ኢንሹራንስ ነው፤ ባንኩ ይህን አይጠይቅም፤ ባለመጠየቁም ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም። በአሚዳር ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦችም እንዲሁ ናቸው። ሕንፃው የኩባንያው ነው፤ ውኃ የሚያበላሸው ዕቃ ግን የተከራዩ ነው። ለዓመታት በየወሩ «የቢቱአህ» ብለው ሲከፍሉ የኖሩ ሰዎች ጎርፍ በገባ ማግስት ስለ ዕቃቸው አንድም ሳንቲም እንደማይገባቸው ሲሰሙ ምን ይሰማቸዋል?

የውሉ ወረቀት በዕብራይስጥ፣ ያውም በደቃቅ ፊደል ነው። አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ የ12 ዓመት ልጅ ፊደሉን አጥርቶ ቢያነብም ለአባቱ የውል ትርጉም ሊያስረዳ አይችልም። ልጁን የቤቱ ጠበቃ ማድረግም ለልጁም ለአባቱም አይበጅም። በ1981 የወጣው የኢንሹራንስ ውል ሕግ ኩባንያው ኃላፊነቱን የሚቀንሱበትን ሐረጎች በውሉ ውስጥ ጎልተው እንዲታዩ እንዲያደርግ ያዝዛል። ነገር ግን በማያውቁት ቋንቋ ጎልቶ የተጻፈ ነገር ለማን ይታያል?

የውኃው ነገር ደግሞ የኢሪያው ሥራ ነው። ጎንደር ከአሽዶድ ከእጥፍ በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ውኃው ግን ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል፣ አፈሩም ይጠጣዋል። አሽዶድ በ1956 በአሸዋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አሸዋ ውኃ ይመጥጣል፤ በላዩ አስፋልትና ሲሚንቶ ሲለበጥበት ግን ዝናቡ ሁሉ ወደ ቦዩ ይሮጣል፤ ቦዩ ካልበቃው ወደ ምድር ቤት። በሰሜን በኩል ናሐል ላኺሽ ከኬብሮን ተራሮች በኩል የሚመጣውን ውኃ ይዞ በከተማችን ወደ ባሕር ይገባል። በበጋ የሚያየው ሰው ይንቀዋል። የድሬዳዋው ደቻቱም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በኦገስት 2006 በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። እዚሁም አገር በጃንዋሪ 2020 በደቡብ ቴል አቪቭ ሁለት ወጣቶች ጎርፍ በሞላው የምድር በታች ማቆሚያ፣ ሊፍት ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል።

ለወንዙ በ1957ቱ የውኃ ማፍሰሻ ሕግ የሚሠራ ሶሬቅ ላኺሽ የተባለ ባለሥልጣን አለው። ለፍሳሽ ቆሻሻው የውኃ ኮርፖሬሽኑ ኃላፊ ነው። የዝናቡ ውኃ ቦይ ግን የኢሪያው ነው። ነዋሪው ግን ሲደውል ከአንዱ ወደ ሌላው ይመራል፤ ቋንቋው ያልተሟላለት ሰው ሁለተኛው ስልክ ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

እንግዲህ ከአሽዶድ ኢሪያ የምንጠይቀው ይህ ነው። በእያንዳንዱ ሮቫ ቦዮቹ የሚጠረጉበትን ቀን ከስግድ በፊት ያሳውቅ፤ ሲጠረጉም ሰው ይይ። ውኃ የሚተኛባቸውን መንገዶች ካርታ ያውጣ፤ ቤት የሚገዛም የሚከራይም አስቀድሞ ይወቀው። ስለ ሕንፃና ስለ ዕቃ ኢንሹራንስ ልዩነት በአማርኛና በትግርኛ አንድ ገጽ ይጻፍና በየክሊኒኩ፣ በየሙዓዶኑ ይታደል። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የለውም። ከባዱ የሚከተለው ነው። ከንቲባው ከሌሎች የባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ሆነው በአካባቢ አስተዳደሮች ማእከል በኩል ለኢንሹራንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ያቅርቡ። ማሽካንታ ሲሰጥ የዕቃው ኢንሹራንስ አለመካተቱ ለገዢው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ከተማው ቦይ ሲሠራና ሲጠርግ ደግሞ የነዋሪው አረቦን ይቀንስ።

ኢሪያው «ኢንሹራንስ የእኛ ሥራ አይደለም» ሊለን ይችላል። ሴንት ቻርልስም ኢንሹራንስ አይሸጥም። አርኖና የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት አርኖና ከፋዩ ሲሰጥም ዳር ቆሞ ሊያይ አይገባውም። እኛም ብንሆን በአሽዶድ ጥቂት አይደለንም፤ በምርጫ ሰሞን የእኛን ሰፈር የማያውቅ ዕጩ የለም። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከመራጭነታችን በተጨማሪ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠን ብንታይ መልሱ ይፈጥናል።

እስከዚያው ድረስ ውኃ ቤቱ የገባበት ሰው እንዲህ ያድርግ። ለኢሪያው በ106 ይደውል፤ የሚሰጡትን የአቤቱታ ቁጥርና ሰዓቱን ይጻፍ። ውኃው ሳይደርቅ፣ ከየት እንደገባ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የመንገዱን ቦይም ጭምር። ወዲያውኑ ለኩባንያው ያሳውቅ። የተበላሸውን ዕቃ የኩባንያው ሻማይ ሳያየው ወደ ቆሻሻ አይጣል። ኩባንያው የሚያስፈልገውን ማስረጃ ካገኘ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለው ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። በስልክ «አይገባህም» ቢባል መልሱ በጽሑፍ ይሰጠኝ ይበል።