ጉበቱን አፈር ይብላው?

ጉበት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዱለት ነው። ከሟች የተወሰደ የሰው ጉበት ግን በልዩ ፈሳሽ ታጥቦ በበረዶ ሲቀመጥ 12 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ ለሌላው በሽተኛ ነፍስ ይሆናል። ከአምቦ አዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባኮ ቢነሳ እንኳ ይደርሳል። እንግዲህ መንገዱን አናሳብብ። ሐኪም ይሠለጥናል፣ መሣሪያ ይገዛል፤ ኑዛዜ ግን ከገበያ አይሸመትም።

በጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ያለ ዘመድን ይጠይቃል። የዓይን ባንክ ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሟች ብሌን ይቀበላል። ታዲያ ብሌን ሰጥቶ ያልረከሰ ሬሳ ጉበት ቢሰጥ ይረክሳል እንዴ?

የጊንጪና የጉደር እድርተኞች፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ቆጥራችሁ ስትጨርሱ እስቲ አንድ እሁድ በዚህም ተነጋገሩ። አፈር እንደሆነ አያመሰግንም!