ሲጋራ ያቆመ ሰው ለምን ይወፍራል?

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዕድሜም በኑሮም ከሚመስለው ከማያጨስ ሰው ይልቅ በአማካይ ጥቂት ኪሎ ይቀላል። ሲያቆም ደግሞ የቀለለውን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ይህን ሐኪም አይክደውም፤ ያቆመም ሰው ከሱሪው ወገብ ያውቀዋል። በጌጃ ሰፈርም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ መንደር «ከእንግዲህስ በቃኝ» ብሎ የቆረጠን ሰው ወደ ኋላ ከሚስቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። የጎደለው ልኩን ማወቅ ነው። ምን ያህል ኪሎ እንደሚጨመር፣ ለምን እንደሚጨመር፣ የተጨመረውም ከሲጋራው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚጎዳ በቅጡ አይነገርም።

ኢትዮጵያ የአጫሾቻቸው ቁጥር አነስተኛ ከሆነ አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶው ናቸው፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። በዚያው ዓመት የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች 8 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ግን ወደ 30 በመቶ እንደሚጠጉ አሳይቷል። ስለዚህ የሲጋራና የውፍረት ጥያቄ ከየትም በላይ የሚገናኘው ከተማው ውስጥ ነው። ትናንት «ተመችቶሃል» መባል ምርቃት ነበር፤ አሁንም ለብዙው ሰው ነው። ግን ስኳርና ደም ግፊት በየቤቱ ከገቡ ወዲህ ቦርጭ ማሳሰብ ጀምሯል፤ ሲጋራ ለማቆም የተነሳውም ሰው ይህን አብሮ ያስባል።

አጫሹን የሚያቀለው በዋናነት ኒኮቲን ነው። ሥራውም በሁለት በኩል ነው። አንደኛው፣ ሰውነት ቁጭ ብሎም የሚያቃጥለውን ኃይል ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥቂት አጫሾችን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው እንደለኩት፣ በቀን 24 ሲጋራ ሲያጨሱ የሚያወጡት ኃይል ካላጨሱበት ቀን በ10 በመቶ ያህል በልጧል። ይህ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ማለት ነው፤ በእንጀራ ቢመነዘር ከግማሽ እንጀራ ብዙም አይርቅም። ሁለተኛው፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ኒኮቲን በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ በተባለው ክፍል የጥጋብ ምልክት የሚሰጡ ሕዋሳትን እንደሚቀሰቅስ አሳይተዋል። ያልጠገበ ሰው የጠገበ ይመስለዋል። በባዶ ሆድ አንድ ስኒ ቡናና አንድ ፍሬ ሲጋራ ይዞ እስከ ምሳ የሚቆይ የቀን ሠራተኛ ረሃቡን አላስታገሰም፤ ረሃቡ እንዳይሰማው አድርጓል። ሰውነቱ ያጣውን ምግብ ግን አላገኘም።

የትምባሆ ነጋዴዎች ይህን ጠባይ ከሳይንሱ በፊት ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ላኪ ስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ሲጋራ ለሴቶች ያሰራጨው ማስታወቂያ ከጣፋጭ ይልቅ ሲጋራ እንዲያነሱ የሚመክር ነበር፤ የከረሜላ አምራቾችን እስከ ማስቆጣት ደርሷል። ቅጥነትን ከሲጋራ ጋር ያጋባው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞሯል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያ ታግዷል፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ተከልክሏል፣ በፓኮው ላይ 70 በመቶውን ቦታ የሚይዝ የሥዕል ማስጠንቀቂያ ታዟል። «ሲጋራ ያቀጥናል» የሚለው ወሬ ግን ማስታወቂያ ሳያስፈልገው ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ከወጣት ሴቶች ጆሮ ሲደርስ ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው።

ምክንያቱም ሲጋራ የሚሰጠው ቅጥነት የጤና ቅጥነት አይደለም። በክብደት እኩል የሆኑ አጫሽና የማያጨስ ሰው ሲለኩ የአጫሹ ስብ ሆዱ ላይ፣ በውስጥ አካላቱ ዙሪያ የመከማቸት ዝንባሌ አለው። እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ግን ገፋ ያለ አጫሽ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ለልብና ለስኳር በሽታ ይበልጥ የሚያሰጋውም ይኸው የሆድ ስብ ነው። ማጨስ ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ በሚገባ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ የዓይነት ሁለት ስኳር በሽታን ዕድል ከማያጨሰው ሰው ከ30 እስከ 40 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ በጥናት ተረጋግጧል። ደግሞም ብዙ የሚያጨሱ ሰዎች ጥቂት ከሚያጨሱት ይልቅ ከባድ ሆነው ይገኛሉ። ሲጋራ በበዛ ቁጥር ቅጥነት ይጨምራል የሚለው ስሌት አይሠራም።

ወደ ማቆሙ ስንመጣ ቁጥሩ በደንብ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ያለ መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች በመጀመሪያው ወር በአማካይ 1.1 ኪሎ፣ በሦስት ወር 2.9 ኪሎ፣ በዓመት 4.7 ኪሎ ጨምረዋል። አብዛኛው ጭማሪ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። አማካዩ ግን ሰፊ ልዩነት ይደብቃል። ካቆሙት 16 በመቶው በዓመቱ ክብደት ቀንሰዋል፤ 13 በመቶው ደግሞ ከ10 ኪሎ በላይ ጨምረዋል። «ካቆምኩ እንደ በርሜል እሆናለሁ» የሚለው ፍርሃት የጥቂቶቹን ዕጣ የሁሉም አድርጎ የሚያይ ነው።

ጭማሪው ከየት ይመጣል? ከፊሉ ኒኮቲን ያቃጥል የነበረው ኃይል ስለሚቀር ነው። ሌላው መብላት ነው። በጭስ የደነዘዘ ምላስና አፍንጫ ሲነቃ ወጡም ዳቦውም ይጣፍጣል። እጅና አፍ ደግሞ ሥራ ይፈታሉ። ሱቅ በደረቴው ሲጋራውን ከማስቲካውና ከከረሜላው ጎን ደርድሮ ነው የሚዞረው፤ አንድ ፍሬ ለመግዛት የለመደ እጅ ከዚያው መደብ ላይ ጥቂት ወደ ጎን ሄዶ ከረሜላ ያነሳል። ልውውጡ ያለጥርጥር ከሲጋራው ይሻላል፤ ግን ሳይታወቅ ይደማመራል። ከሁሉ በላይ የማይታየው የሻይ ስኳር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። ሲጋራ በሚያምረው ሰዓት ሁሉ ሻይ የሚያዝ ሰው በቀን አምስት ብርጭቆ በሦስት በሦስት ማንኪያ ቢጠጣ 240 ኪሎ ካሎሪ ሆነ። ኒኮቲን ያቃጥለው ከነበረው ይበልጣል። ያንኑ ሻይ በግማሽ ማንኪያ መልመድ ብቻውን የጭማሪውን ትልቅ ድርሻ ሊያስቀር ይችላል፤ ይህን ያህል ቀላል ምክር ግን ሲሰጥ እምብዛም አይሰማም።

ቡናው ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ጉበት ካፌይንን እንዲያጣራ ያጣድፉታል፤ አጫሽ ካፌይንን ከማያጨሰው ሰው በእጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ከደሙ ያስወግዳል። ስለዚህም ነው ብዙ አጫሾች አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተው ማታ እንቅልፍ የማያጡት። ሲጋራው በቆመ በቀናት ውስጥ ጉበት ወደ ተፈጥሯዊ ፍጥነቱ ይመለሳል። የሚጠጣው ቡና ካልቀነሰ በደም ውስጥ የሚቆየው ካፌይን እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውየው ይነጫነጫል። ሁሉም ሰው ይህን «የሲጋራው ሱስ ነው» ይለዋል፤ ያቆመውም ሰው «አልቻልኩም» ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ይበልጥ እንደሚርበው የታወቀ ስለሆነ ነገሩ ወደ ክብደትም ይዞራል። ቤት ከቤት በተጠጋጋበትና ቡና በጎረቤት ተጠራርቶ በሚጠጣበት ነባር መንደር፣ ቡና መተው የማይታሰብ ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። ሲጋራ ያቆመ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የለመደውን በግማሽ ቢቀንስ፣ ከአቦል አልፎ ለበረካ ባይቆይ፣ ከሰዓት በኋላም ባይደግም ይበቃዋል። ይህን ቀድማ የምታውቅ ቡና አፍይ ለአቆመው ሰው የምታደርግለት ውለታ ቀላል አይደለም።

ጫት ሌላ ነገር ነው። ጫትም እንደ ኒኮቲን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ለብዙ ቃሚ ደግሞ ምርቃናና ሲጋራ አይነጣጠሉም። ሲጋራውን ትቶ ጫቱን የያዘ ሰው ክብደቱ ላይጨምር ይችላል፤ ግን በየበርጫው ሲጋራው ይጠራዋል፤ ከዚያ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ደግሞ በአልኮሉም በካሎሪውም ከባድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መተው ይከብዳል የሚባለው ትክክል ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ግን ለብዙ ሰው ከዚያም ይከብዳል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይቀራል፤ የተጨመረው ኪሎ የማቆምን ጥቅም ይበላዋል ወይ? አይበላውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ስኳር የሌለባቸውና ማጨስ ያቆሙ ሰዎች የልብና የደም ሥር በሽታ ሥጋታቸው ካላቆሙት በግማሽ ያህል ዝቅ ማለቱን አሳይቷል፤ የጨመሩት ክብደት ይህን አልለወጠውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ160 ሺህ በሚበልጡ የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎች ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ጨመረ። ካቆሙ በኋላ ብዙ በወፈሩት ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ ዕድል ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ከፍ ብሎ ቆይቶ ከዚያ ይወርዳል። ያም ሆኖ ያቆሙት ሁሉ፣ የወፈሩትም ጭምር፣ ማጨስ ከቀጠሉት ያነሰ ሞተዋል። ስለዚህ ስኳር በቤተሰቡ ያለበት ሰው ሲያቆም ስኳሩን በየጊዜው ማስለካት አለበት፤ አለማቆም ግን መፍትሔ አይሆንም።

የማቆሙ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። አብዛኞቹ ሐኪሞች ሲጋራ በቆመበት ሳምንት ጥብቅ የምግብ ቅነሳ እንዳይጀመር ይመክራሉ፤ ረሃብና የሲጋራ አምሮት ተባብረው ሰውን ያሸንፉታልና። መጀመሪያ ሲጋራው ይቁም፤ ምግቡ በዓይነት ይስተካከል፤ ኪሎው በኋላ ይታያል። ጾም ይህን ያወሳስበዋል፣ ያግዘዋልም። በረመዳን ሙስሊም አጫሽ ከንጋት እስከ ማታ አያጨስም፤ ቀኑን ሙሉ መቆየት እንደሚችል ራሱ ለራሱ አረጋግጧል ማለት ነው። ችግሩ ካፍጥር በኋላ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ክርስቲያንም ባዶ ሆዱን በሲጋራ ማታለል ካቆመ ጾሙ ራሱ ሌላ ጾም ይሆንለታል። ሁለቱም የማታውን ሲጋራ ከቀኑ ጋር መተው ከቻሉ፣ ከጾም የተሻለ መጀመሪያ አያገኙም። ግን ሲፈቱ በቅባትና በጣፋጭ መካስ ከተጀመረ ክብደቱ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ከምግቡ ሌላ የሚረዳው እግር ነው። ከጌጃ ሰፈር ተነስቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ስታዲየም ደርሶ መመለስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ሰዓት የሚቃጠለው ኃይል ሲጋራው በቀን ያቃጥል ከነበረው ብዙ አያንስም። አምሮት ሲመጣ ተነስቶ በፍጥነት መራመድ አምሮቱን ራሱ ያበርደዋል፤ የአንዱ አምሮት ግለት ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ነው። መድኃኒትም አለ። የኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ሲወሰዱም የክብደት ጭማሪውን ያዘገዩታል። በአዲስ አበባ ፋርማሲዎች እንደ ልብ አለመገኘታቸው ያሳዝናል። በትምባሆ ላይ ኤክሳይዝ ታክስ የምትሰበስብ አገር ለማቆም የፈለገውን ሰው ባዶ እጁን ልትሰደው አይገባም።

ክብደት በተቃራኒው የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ሳይፈልግ የሚከሳ አጫሽ ክሳቱን ለሲጋራው ብቻ መስጠት የለበትም። ማጨስ የሳምባ ነቀርሳን (የቲቢን) ዕድል በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ የሳምባ ካንሰርና ሥር የሰደደ የሳምባ በሽታም ሰውን ያከሳሉ። ሲጋራ ካቆመ በኋላ መወፈር ሲገባው የሚከሳ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል፣ ሌሊት የሚያልበው ሰው ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር፤ የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው።